የጤና መድን ሽፋንን ማወቅ የማን ኃላፊነት ነው?

ታካሚው የመድን ካርዱን ሆስፒታሉ እንግዳ መቀበያ ላይ ያሳያል። «ይሄን መድን እንቀበላለን» ይሉታል። ይመረመራል፣ ይታከማል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ከመድን ድርጅቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል፦ የተጠየቀው ክፍያ በውሉ አይሸፈንም። ታካሚው «ካርዴን አይተው አይደል ያከሙኝ!» ይላል። ሆስፒታሉ ካርዱን መቀበሉ ከድርጅቱ ጋር ውል አለን ማለት እንጂ ለዚህ ሕክምና ይከፈላል ማለት እንዳልሆነ ይናገራል። መድን ሰጪው ደግሞ የተፈረመውን ውል ገልጦ አንቀጹን ያሳያል። ሦስቱም አልዋሹም። ሂሳቡን የሚከፍለው ግን አንዱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ታካሚው።

እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ሲነሳ «ውሉን ማንበብ ነበረበት» የሚሉና «ማስረዳት ነበረባቸው» የሚሉ ሁለት ወገኖች አይጠፉም። ጥያቄውን በጅምላ ስለሚያነሱት አይግባቡም። በየነጥቡ «ይህን መረጃ የያዘው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የታካሚውን የጤና ታሪክ የሚያውቀው ታካሚው ነው፤ መናገር የእሱ ድርሻ ነው። የውሉን ቃል መርጦ የጻፈው መድን ሰጪው ነው፤ ግልጽ ማድረግ የእሱ ነው። ሕክምናው ለምን እንዳስፈለገ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው፤ በጽሑፍ ማስፈር የእሱ ነው። ብዙው ክርክር የሚፈጠረው ከሦስቱ አንዱ የራሱን ሳይሠራ ሌላውን ሲጠብቅ ነው።

ይህ አስተሳሰብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1766 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የእንግሊዙ ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ «ካርተር እና ቦህም» በሚባለው ክርክር የሰጡት ሐተታ እስከ ዛሬ የመድን ሕግ ማስተማሪያ ነው። ካርተር በሱማትራ ደሴት የፎርት ማርልቦሮ ምሽግ ገዥ ነበር። ምሽጉ በአውሮፓዊ ጠላት እጅ ቢወድቅ ካሳ የሚያስገኝለት መድን ገባ፤ ፈረንሳዮችም ምሽጉን ያዙት። መድን ሰጪው ቦህም «የምሽጉን ደካማነት ደብቆብኛል» ብሎ አልከፍልም አለ። ፍርዱ ለካርተር ሆነ። እንደ ማንስፊልድ ሐተታ መድን ገቢው እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር መደበቅ የለበትም፤ መድን ሰጪውም ራሱ ያወቀውን ወይም ሊያውቀው የሚገባውን ነገር «አልተነገረኝም» ብሎ ማምለጫ ሊያደርገው አይችልም። ቅን ልቦና ሁለቱንም ያስራል።

የጤና መግለጫው ቅጽ

የታካሚው ትልቁ ኃላፊነት የሚጀምረው ከመታመሙ በፊት ነው፤ መድን ሲገባ በሚሞላው የጤና መግለጫ ቅጽ። ብዙ ክፍያ ከዓመታት በኋላ የሚከለከለው እዚህ ወረቀት ላይ በተጻፈ አንድ «የለም» ምክንያት ነው።

የተለመደው ስህተት ውሸት ሳይሆን ጥያቄውን አሳስቶ ማንበብ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ወስዶ ያቆመ ሰው ራሱን ጤነኛ ስለሚቆጥር «የለብኝም» ይላል። ቅጹ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «አሁን አለብዎት?» ብሎ ሳይሆን «ከዚህ በፊት ተነግሮዎት ወይም ታክመው ያውቃሉ?» ብሎ ነው። ምርመራ ሰጥቶ ውጤት እየጠበቀ ያለ ሰውም በሽታው ስላልታወቀ የሚያስመዘግበው ነገር ያለ አይመስለውም፤ በመጠባበቅ ላይ ያለ ምርመራ ግን ራሱን የቻለ ጥያቄ ሆኖ የሚቀርብባቸው ቅጾች ብዙ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ወኪሉ ቅጹን እሱ ሞልቶ «እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ» ሲል ነው። ፊርማው ያረፈው ከወኪሉ መልሶች በታች ነው፤ ክርክር ሲመጣ መልሶቹ የፈራሚው ይሆናሉ።

ስለዚህ ቅጹ ፊት ከመቀመጥዎ በፊት የሚወስዷቸውንና የወሰዷቸውን መድኃኒቶች፣ የተኙባቸውን ሆስፒታሎች፣ የተደረጉልዎትን ቀዶ ሕክምናዎች ከነዓመታቸው ወረቀት ላይ ያስፍሩ። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ነገር «የለም» ከማለት ይልቅ «በትክክል አላስታውስም፤ መዝገቤ የሚገኘው እዚህ ሆስፒታል ነው» ብለው ይጻፉ። እንዲህ ያለው መልስ ኳሱን ወደ መድን ሰጪው ይመልሰዋል፤ መዝገቡን ሳያይ ከተቀበለ በኋላ ላይ «ተደበቀብኝ» ማለት ይከብደዋል። የተሞላውን ቅጽ ቅጂም ሳይቀበሉ አይውጡ።

መድን ሰጪውም ከዚህ ቅጽ ተጠያቂነት ነፃ አይደለም። ሕጎች በየአገሩ ይለያያሉ፤ አዝማሚያው ግን ግልጽ ነው። በእንግሊዝ የ2012ቱ የሸማቾች የመድን ሕግ ተራው ሸማች ሳይጠየቅ ሁሉንም እንዲናገር የነበረበትን ግዴታ አስቀርቶ፣ መድን ሰጪው በግልጽ ይጠይቅ፣ ሸማቹ በተገቢው ጥንቃቄ ይመልስ ወደሚል ቀይሮታል። ስህተቱ ሆን ተብሎ ሳይሆን በቸልተኝነት የተሠራ ከሆነና መድን ሰጪው እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ከፍ ያለ አረቦን (ለመድኑ የሚከፈል ዋጋ) ያስከፍል ከነበረ፣ ካሳውን በዚያው ልክ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። እጥፍ አረቦን ያስከፍል ነበር ከተባለ፣ የካሳውን ግማሽ ይከፍላል። በህንድ ደግሞ በ2024 በወጣው ደንብ መሠረት ሽፋኑ ሳይቋረጥ 60 ወር ከሞላው፣ ማጭበርበር ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ «የጤና ታሪክህን አልገለጽክም» ብሎ መከልከል አይቻልም።

ውሉን ከየት ጀምሮ ማንበብ ይሻላል?

የጤና መድን ፖሊሲ ብዙ ገጽ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ የጀመረ ሰው መሐል ላይ ይደክመዋል። የሚሸፈኑትን ነገሮች ዝርዝር መጀመሪያ ማንበብ ያን ያህል አይጠቅምም፤ ሻጩ አስቀድሞ በሚገባ ነግሮዎታል። መጀመሪያ የሚታየው የስምና የገንዘብ ልክ ያለበት ሰንጠረዥ ነው፦ እነማን እንደተመዘገቡ፣ ሽፋኑ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ጣሪያው ስንት እንደሆነ። የስም ፊደል ወይም የትውልድ ዘመን ስህተት እንኳ ክፍያ ሊያጓትት ስለሚችል ያኔውኑ ያስተካክሉ። ቀጥሎ የትርጉም ክፍሉ፣ ከዚያ ከሽፋን ውጭ የሆኑት ነገሮች፣ ከዚያ ደግሞ ለመድን ሰጪው መነገር ስላለበት ጊዜና ስለ ማስረጃ የሚናገረው የግዴታዎች ክፍል ይነበባሉ።

የትርጉም ክፍሉን አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፤ ገንዘቡ ያለው ግን እዚያ ነው። ለምሳሌ «ተኝቶ መታከም» የሚለውን እንመልከት። በብዙ ውሎች ትርጉሙ ቢያንስ 24 ሰዓት ሆስፒታል መቆየት ነው። ማታ 2 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 1 ሰዓት የወጣ ሰው አልጋ ይዟል፣ ግሉኮስ ተተክሎለታል፣ ነርስ ስትከታተለው አድራለች፤ በውሉ ቋንቋ ግን 11 ሰዓት ብቻ ስለቆየ ተኝቶ አልታከመም። እንደ ዓይን ሞራ ያሉ በአንድ ቀን ተሠርተው የሚያልቁ ቀዶ ሕክምናዎች ከዚህ ደንብ ነፃ የሚሆኑት በአብዛኛው በስም ከተዘረዘሩ ነው። ተመላላሽ ሕክምና የማይሸፍን ውል የያዘ ሰው ለዚህች ትርጉም ሙሉ ሂሳቡን ሊከፍል ይችላል።

«ነባር ሕመም» የሚለውም እንዲሁ ነው። በአንዳንድ ውል በሐኪም የተረጋገጠ በሽታ ማለት ነው፤ በሌላው ምልክቱ የታየ ሁሉ፣ በሽታው ባይታወቅም፣ ይገባበታል። ሁለተኛው ትርጉም በጣም ሰፊ ነው። ለወራት ወገቡን ሲያመው የነበረና ሐኪም ጋ ያልሄደ ሰው በዚህ ትርጉም «ነባር ሕመምተኛ» ነው። «ለሕክምና አስፈላጊ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ሐኪሙ ያዘዘው ሁሉ ማለት አይደለም፤ መድን ሰጪው የራሱ መመዘኛ አለው፤ ታካሚው ያንን መመዘኛ ጠይቆ የማየት ልማድ ቢኖረው ብዙ ክርክር ይቀራል።

የመጠባበቂያ ጊዜ የሚባለውን በቀን መቁጠሪያ ላይ ቆጥሮ ማየት ያስፈልጋል። የወሊድ ሽፋን የ12 ወር መጠባበቂያ ያለው ውል በመጀመሪያው ወር የተያዘ ቢሆንና በሁለተኛው ወር ቢጸነስ፣ ልጁ የሚወለደው ጊዜው ከመሙላቱ በፊት ነው። ሽፋን የለም። አንዳንዱ ውል የሚቆጥረው እስከ ወሊድ ቀን ሲሆን፣ አንዳንዱ ጽንሱ ራሱ ከመጠባበቂያው በኋላ መሆን አለበት ይላል። የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ የታካሚው ነው፤ የተጠየቀውን በጽሑፍ መመለስ ደግሞ የመድን ሰጪው።

ከሂሳቡ ስንቱ የእርስዎ ነው?

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ስሌቱ ከባድ ባይሆንም ቅደም ተከተሉ ብዙ ሰው ያሳስታል። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራው ጆርጅ ሎወንስታይን ከባልደረቦቹ ጋር በ2013 ባሳተመው ጥናት፣ የጤና መድን ካላቸው አሜሪካውያን ስለ አራቱ መሠረታዊ የክፍያ ዓይነቶች የቀረቡላቸውን አራት የምርጫ ጥያቄዎች በሙሉ በትክክል የመለሱት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተጠየቁት ከዚህ በታች ያሉትን ነው።

ተቀናሽ የሚባለው መድን ሰጪው መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመቱ ውስጥ ታካሚው ከኪሱ የሚሸፍነው መጠን ነው። ቋሚ የጉብኝት ክፍያ በየሐኪም ጉብኝቱ ወይም በየመድኃኒቱ የሚከፈል የተቆረጠ ገንዘብ ነው። የመቶኛ ድርሻ ተቀናሹ ካለቀ በኋላ ከቀሪው ሂሳብ ታካሚው የሚጋራው ነው። የኪስ ወጪ ጣሪያ ደግሞ ታካሚው በዓመት ከዚያ በላይ የማይከፍልበት ወሰን ነው። የሽፋን ጣሪያ ከሚባለው፣ መድን ሰጪው ከዚያ በላይ ከማይከፍልበት ወሰን ጋር አያምታቱት፤ የመጀመሪያው ታካሚውን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው መድን ሰጪውን። «ጣሪያው 40,000 ነው» ሲባሉ «የማን ጣሪያ?» ብለው ይጠይቁ።

የትም አገር ስሌቱ ያው ስለሆነ በብር እናስላው። ተቀናሹ 5,000፣ የመቶኛ ድርሻው 20 በመቶ፣ የኪስ ወጪ ጣሪያው 15,000 ነው እንበል። ሆስፒታሉ 65,000 ብር ሂሳብ ያወጣል። መድን ሰጪው መጀመሪያ የሚያየው ግን 65,000ውን ሳይሆን ለዚያ ሕክምና የተቀበለውን ዋጋ ነው፤ 60,000 ይሁን። ታካሚው 5,000 ተቀናሽ ይከፍላል። ከቀሪው 55,000 ላይ 20 በመቶው 11,000 ነው። ድምሩ 16,000 ሆነ፤ ጣሪያው 15,000 ስለሆነ እዚያ ይቆማል። መድን ሰጪው 45,000 ይከፍላል።

በ65,000ውና በ60,000ው መካከል ያለው 5,000 የት ይገባል? ሆስፒታሉ ከመድን ሰጪው ጋር ውል ካለው ብዙውን ጊዜ ይተወዋል። ውል ከሌለው ከታካሚው ይጠይቃል፤ ያ ገንዘብ ደግሞ የኪስ ወጪ ጣሪያው ውስጥ ስለማይቆጠር ታካሚው 20,000 ይከፍላል። ውሉ በዓመት 40,000 የሽፋን ጣሪያ ያለው ከሆነ ደግሞ መድን ሰጪው ከ45,000ው 40,000ውን ብቻ ይከፍላል፤ ቀሪው 5,000 ታካሚው ላይ ይወድቃል።

ቀኑም ዋጋ አለው። በዚያው ዓመት ሌላ 10,000 ብር ሂሳብ ቢመጣ ታካሚው ጣሪያው ላይ ስለደረሰ ምንም አይከፍልም። ያው ሕክምና አዲሱ የውል ዓመት ከገባ በኋላ ቢደረግ ግን ተቀናሹ እንደገና ይጀምራል፤ 5,000 እና የቀሪው 20 በመቶ 1,000፣ በድምሩ 6,000። ሊዘገይ ወይም ሊፋጠን የሚችል ሕክምና ያለው ሰው ውሉ የሚታደስበትን ቀን ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገርበት አይከፋም፤ ጤናው የሚፈቅድ እስከሆነ ድረስ።

ታካሚን ክፉኛ የሚያስደነግጠው ግን የአልጋ ክፍል ገደብ ነው። ውሉ በቀን 1,000 ብር ክፍል ይሸፍናል እንበል፤ ታካሚው ልዩነቱን እከፍላለሁ ብሎ የ2,000 ብሩን ይይዛል። አምስት ቀን ቢተኛ ልዩነቱ 5,000 ነው ብሎ ያስባል። በአንዳንድ ውሎች ግን ክፍሉ ከገደቡ ካለፈ ከክፍሉ ጋር ተያይዘው የሚታሰቡት ክፍያዎችም፣ የሐኪም፣ የነርስና የቀዶ ጥገና ክፍል ጭምር፣ በዚያው ምጣኔ ይቀንሳሉ። ምክንያቱ ብዙ ሆስፒታሎች ለአንድ ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደ ክፍሉ ደረጃ የተለያየ ዋጋ ስለሚያስከፍሉ ነው። እነዚያ ክፍያዎች 60,000 ከሆኑ መድን ሰጪው 30,000ውን ብቻ ይከፍላል። ታካሚው 5,000 ሲጠብቅ 35,000 ይመጣበታል። ይህን አንቀጽ ሻጩ በቃል ካልነገረ፣ ፊደሉ የቱንም ያህል ደምቆ ቢታተም፣ አስረድቷል ማለት ይከብዳል።

ከሕክምናው በፊት

ቅድመ ፈቃድ ማለት ለተወሰኑ ሕክምናዎች፣ በተለይ ለታቀደ ቀዶ ጥገና፣ ለውድ ምርመራና ለውድ መድኃኒት፣ መድን ሰጪው አስቀድሞ እንዲስማማ መጠየቅ ነው። ማመልከቻውን የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታሉ ነው፤ መላኩን ማረጋገጥ ግን የታካሚው ነው። «ልከናል» የሚለው መልስ አይበቃም። መድን ሰጪው ጋ ደውለው የፈቃዱን ቁጥር፣ የተፈቀደውን ሕክምና፣ የተፈቀደበትን ሆስፒታልና የሚያበቃበትን ቀን ይጠይቁ፤ ከዚያ ያናገሩትን ሠራተኛ ስምና ቀኑን ጽፈው ያንኑ በኢሜይል ወይም በጽሑፍ መልእክት እንዲያረጋግጡልዎት ያድርጉ። ስልክ ላይ የተባለ ነገር ክርክር ሲነሳ የሚያወጣው ሰው የለም።

ቀዶ ጥገና በተለይ አንድ ሂሳብ ብቻ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ፣ የማደንዘዣ ባለሙያው፣ ላቦራቶሪው፣ ናሙናውን የሚያየው ፓቶሎጂስት እያንዳንዳቸው ለብቻ ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ሆስፒታሉ ከመድንዎ ጋር ውል ቢኖረውም ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ላይኖረው ይችላል። ታካሚው ማደንዘዣ ባለሙያውን አይመርጥም፤ ብዙ ጊዜ ስሙን እንኳ የሚሰማው አልጋው ላይ ተኝቶ ነው። ይህን ከታካሚው ትከሻ ላይ ማውረድ የሚቻለው በሕግ ብቻ ነው፤ አሜሪካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ በድንገተኛ ሕክምናና ውል ባለው ሆስፒታል ውስጥ ውል የሌለው ባለሙያ በሚሰጠው አገልግሎት በአብዛኛው ታካሚው አገልግሎት ሰጪው ውል ቢኖረው ኖሮ የሚከፍለውን ያህል ብቻ እንዲከፍል አድርጋለች። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አስቀድሞ መጠየቅ የግድ ነው።

ፈቃድ ማግኘት ደግሞ የክፍያ ዋስትና እንዳልሆነ ደብዳቤው ራሱ ብዙውን ጊዜ ታች ላይ ይናገራል። ከፈቃዱ በኋላ አረቦን ሳይከፈል ቀርቶ ውሉ ቢቋረጥ፣ የተሠራው ሕክምና ከተፈቀደው የተለየ ቢሆን፣ ቀኑ ቢያልፍ ሊከለከል ይችላል። በቀዶ ጥገናው መሐል ሐኪሙ ያልታሰበ ነገር አግኝቶ ተጨማሪ ሥራ ከሠራ፣ ለምን እንዳስፈለገ በቀዶ ጥገና ዘገባው ላይ ማስፈሩ ያንን ክፍያ ያድናል። ሐኪሞች ይህን ቢሮክራሲ ብለው ይጠሉታል፤ ይገባል፤ ነገር ግን እነሱ ያልጻፏትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው ሊጽፋት አይችልም።

ድንገተኛ ሲሆን ፈቃድ አይጠበቅም። ማስታወቂያ ግን ይጠበቃል፤ ብዙ ውሎች ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት ውስጥ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ። ታካሚው ራሱን በማያውቅበት ጊዜ የሚደውለው ቤተሰብ ስለሆነ የካርዱ ፎቶና የስልክ ቁጥሩ ከአንድ ሰው በላይ እጅ ይኑር።

ክፍያው ሲከለከል

የክልከላ ደብዳቤ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ብዙው የሚመጣው ከጥቃቅን ነገር ነው፦ የበሽታው መለያ ኮድና የተሠራው ሕክምና አለመጣጣም፣ የጎደለ የሪፈር ወረቀት፣ የተሳሳተ የአባልነት ቁጥር፣ ያለፈ የማቅረቢያ ቀን። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ መለያ ኮዶች በፊደልና በቁጥር የተሠሩ ናቸው፤ አንድ አሃዝ ስትሳሳት በሽታው ሌላ በሽታ፣ ሕክምናው የመከላከል ምርመራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደወለው መድን ሰጪው ጋ ሳይሆን ሂሳቡን የላከው የሆስፒታሉ ክፍል ጋ ነው፤ ስህተቱ የእነሱ ከሆነ አርመው እንደገና ይልካሉ፤ ይግባኝ አያስፈልግም።

ስህተት ካልሆነ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የተከለከለበት የውሉ አንቀጽ ቁጥር፣ የተጠቀሙበት የሕክምና መመዘኛ፣ የይግባኝ ቀነ ገደብ። ቀጥሎ ሐኪሙ ደብዳቤ ይጽፋል። ጥሩው ደብዳቤ «ሕክምናው አስፈላጊ ነው» ብሎ የሚያበቃ አይደለም፤ መመዘኛውን ነጥብ በነጥብ ይዞ ይመልሳል። መመዘኛው «በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ ለስድስት ሳምንት ተሞክሮ ያልተሻለው» ካለ ደብዳቤው መድኃኒቶቹን፣ የፊዚዮቴራፒ ቀኖቹንና ውጤቱን ይዘረዝራል። ልመና ወይም ቁጣ አይጠቅምም፤ ፋይሉን የሚያየው ሰው የሚፈልገው መመዘኛውን የሚያሟላ ማስረጃ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ታካሚው ይግባኝ ለማቅረብ 180 ቀን አለው። መድን ሰጪው አስቸኳይ ጉዳይ በ72 ሰዓት፣ ገና ያልተሰጠ ሕክምናን በ30 ቀን፣ የተሰጠውን በ60 ቀን መወሰን አለበት፤ ከዚያ በኋላ ገለልተኛ አካል እንዲያየው ለመጠየቅ አራት ወር ይሰጣል። ቀኖቹ ሌላ አገር ሌላ ናቸው፤ የውስጥ ይግባኝ ቀድሞ፣ የውጭ ተቆጣጣሪ ወይም እንባ ጠባቂ ተከትሎ የሚለው ቅደም ተከተል ግን በብዙ አገር አለ። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ምርምር ተቋም በአሜሪካ መንግሥት የመድን ገበያ ላይ ባደረጋቸው ተከታታይ ጥናቶች፣ ከተከለከሉት ክፍያዎች ውስጥ ይግባኝ የተባለባቸው ከ1 በመቶ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። ሰዎች ደብዳቤውን አምነው ይከፍላሉ፣ ወይም ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል።

የመድን ሰጪው ድርሻ ምን ያህል ነው?

«ውሉ ላይ አለ» የሚለው መልስ ሕግ ፊት ሊያስኬድ ይችላል፤ ማስረዳት ግን አይደለም። ከመቶ 14ቱ ብቻ የሚረዱትን ነገር ለመቶውም ሸጦ ጥፋቱን አንባቢው ላይ መጣል ምክንያት የለውም። ተቆጣጣሪዎችም ይህን ተገንዝበው አጭር ማጠቃለያ ማስገደድ ጀምረዋል። አሜሪካ ከ2012 ጀምሮ እያንዳንዱ የጤና መድን ዕቅድ ፊትና ጀርባ ከአራት ቅጠል የማይበልጥ ማጠቃለያ እንዲያቀርብ ታስገድዳለች፤ ማጠቃለያው ውስጥ ወሊድ፣ የስኳር ሕመም ክትትልና የአጥንት ስብራት እንደ ናሙና ተሠልተው ታካሚው ስንት እንደሚከፍል ይታያል። ከናሙናዎቹ በላይ ጠቃሚ ነገር አላየንም፤ ሰው ትርጉም ሳይገባው ስሌት ይገባዋል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2018 ጀምሮ ያለው የመድን መረጃ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ገጽ ነው፤ የሚሸፈነው አረንጓዴ ምልክት፣ የማይሸፈነው ቀይ ኤክስ፣ ገደብ ያለበት ብርቱካናማ የቃል አጋኖ ይደረግበታል።

ማጠቃለያው በሌለበት ታካሚውን የሚረዳው ብዙ የሕግ ሥርዓቶች የሚቀበሉት አንድ ደንብ አለ፦ ሁለት ትርጉም የሚሰጥ የውል ቃል በጻፈው ወገን ላይ ይተረጎማል። «ድንገተኛ» የሚለውን ውሉ ሳይተረጉም ከተወው፣ ታካሚው ምክንያታዊ ሆኖ በተረዳው መንገድ የመተርጎም ዕድሉ ሰፊ ነው። ደንቡ የሚሠራው ግን ቃሉ በእርግጥ አሻሚ ሲሆን ነው፤ ግልጽ ሆኖ ያልተነበበ አንቀጽን አያድንም።

የሻጩ ቃል ሌላ ጣጣ ነው። ወኪል የሚሠራው ለመድን ሰጪው ነው፤ ደላላ ደግሞ በመርህ ደረጃ ለገዢው። ሁለቱም ከሽያጭ ኮሚሽን ሊያገኙ ስለሚችሉ ያሉትን በጽሑፍ ማግኘት ይገባል። «የልብ ሕክምና ይሸፈናል» ካሉዎት «ይህን የሚለው አንቀጽ የቱ ነው?» ይበሉ። አንቀጹን ማሳየት ያልቻለ ሻጭ ወይ አያውቀውም ወይ የለም። ፖሊሲው ከደረሰዎት በኋላ የመመለሻ ጊዜ የሚሰጡ አገሮች አሉ፤ በህንድ 30 ቀን ነው። ያቺ ጊዜ ትርጉሙንና ከሽፋን ውጭ ያሉትን ለማንበብ ትበቃለች።

በመሥሪያ ቤት በኩል የተገባ መድን ላይ አንድ ተጨማሪ ወገን አለ። ውሉን የፈረመው አሠሪው ስለሆነ ሠራተኛው እጅ ላይ ብዙ ጊዜ ካርድና በራሪ ወረቀት ብቻ ይገኛል። ሙሉውን ፖሊሲ ከሰው ኃይል ክፍል መጠየቅ ይቻላል፤ ዕቅዱ በእድሳት ወቅት ሲቀየርም ያለፈው ዓመት ተቀናሽና የሆስፒታል ዝርዝር እንደነበረ አይቀጥልም። አዲስ የተወለደ ልጅ በራሱ አይመዘገብም፤ በአሜሪካ የአሠሪ ዕቅዶች ማስመዝገቢያው ቢያንስ 30 ቀን ነው፤ ቀኑ ካለፈ እስከ ቀጣዩ የምዝገባ ወቅት መጠበቅ ሊመጣ ይችላል። ሥራ የለቀቀ ሰው ደግሞ ከመልቀቁ በፊት ለታከመው ሕክምና ክፍያ የመጠየቅ መብቱ ከሥራው ጋር አያልቅም፤ የማቅረቢያው ቀን ግን ይቆጥራል፤ ስለዚህ ደረሰኞቹን፣ የሐኪም ማዘዣዎቹንና የፈቃድ ቁጥሮቹን የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ከመዘጋቱ በፊት ወደ ግል አድራሻው ያስተላልፋቸው።